የስድስተኛው ቀን ከፋች

ጫማ ሊገዛ የመጣ ሰው ገና ከበር ያስታውቃል። የሚገዛ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ ዱካውን ይፈልጋል፤ የማይገዛ ዋጋ ይጠይቃል። አሁን ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት መጥቷል። ዱካው ላይ ይቀመጣል፣ እግሩን ይሰጠኛል፣ አራት ጥንድ አስወርዶኝ አራቱንም አድርጎ ያወልቃል። ልኩ ሠላሳ ዘጠኝ ቁጥር መሆኑን ከእኔ አፍ ከሰማ በኋላ ስልኩን ያወጣና ጫማውን ፎቶ ያነሣል። «አመሰግናለሁ ጋሼ» ብሎኝ ይወጣል። ማታ ያንኑ ጫማ በዚያው ቁጥር ከወንድሜ ከዶአን ያዝዛል።

ገምቼ አይደለም ይህን የምለው። ማታ ራት ከበላን በኋላ ሽንት ቤት ገብቼ፣ በሩን ቆልፌ፣ የስልኩን ድምፅ ቀንሼ የዶአንን ላይቭ፣ ዕቃውን በስልክ በቀጥታ እያሳየ የሚሸጥበትን፣ አያለሁ። ሚስቱ ዲየም በሁለት ክብ መብራቶች መካከል ትቆማለች። ጫማውን ታጣጥፈዋለች፣ ሶሉን ታሳያለች፣ ትስቃለች። አንድ ቀን አንዷ ገዢ «ቁጥሬን አላውቅም» ብላ ጻፈችላት። ዲየም ምን ብላ መለሰች መሰላችሁ? «የኔ ቆንጆ፣ አጠገብሽ ያለ ሱቅ ግቢና ተለኪ፤ መለካት በነፃ ነው!»

በነፃ ነው። የእኔ ጉልበት፣ የእኔ ወገብ፣ መሬት ላይ የምንበረከክበት ሠላሳ አምስት ዓመት በነፃ ነው።

ዶአን ታናሼ ነው፤ በስድስት ዓመት እበልጠዋለሁ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ። የእኛ እናት ሆድ ግን ዥንጉርጉርነቱ ሳያንስ አድሎኛም ነበር። እኔ ከሰባተኛ ክፍል ወጥቼ እዚሁ ናም ዲን ከተማ፣ በታችኛው ገበያ ጭነት ስሸከም እሱ አሥራ ሁለተኛን ጨረሰ። በሌላው ቤት ታናሽ የታላቁን ልብስ ይለብሳል። የእኔ ልብስ በጭነት ገመድ ስለሚበላ ለእሱ ሁልጊዜ አዲስ ይገዛለት ነበር። ይህን ሳነሣበት ይስቃል። «ጋሼ፣ እሱን እስካሁን ይዘኸው ነው?» ይለኛል። አዎ፣ ይዤዋለሁ። ሌላ ምን ሰጥታችሁኝ ምን ልያዝ?

ከሁሉ የባሰው ግን የክብሪቱ ነገር ነው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የአዲስ ዓመታችን የቴት በዓል ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ለሸሚዝ የሚሆን ጨርቅ ልገዛ ከእናቴ መደብ ማዶ ኩዌ ዘንድ ገባሁ። ኩዌ ዛሬ ጃንጥላና የዝናብ ልብስ ነው የምትሸጠው፤ ያኔ ጨርቅ ነበር። ዋጋ ጠየቅኋት፣ ውድ ሆነብኝ፣ ወጣሁ። ለእሷ የዕለቱ የመጀመሪያ ሰው መሆኔን ልብ አላልኩም። በእኛ ዘንድ በጠዋት ቀድሞ የገባ ሰው የቀኑን ገበያ ይከፍታል። እግረ ርጥብ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ገዢ በላይ በላዩ ይጎርፋል። ሳይገዛ ከወጣ ቀኑን አድርቆት ሄደ ማለት ነው። ያኔ ባለሱቁ ወረቀት ያቃጥልና በዕቃው ላይ እያዞረ ድርቀቱን ያባርራል። ኩዌም ወረቀቷን ቀደደች፤ ክብሪት ግን አጣች። «ክብሪት ያላችሁ! ይሄ ደረቅ ልጅ ቀኔን በላው!» ብላ ጮኸች። ገበያው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከማዶ እጇን ዘርግታ ክብሪቱን ያቀበለቻት እናቴ ናት። ደግሞም እየሳቀች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ደረቁ ቢን ሆኖ ቀረ። ሰው ይረሳል ይላሉ፤ ገበያ አይረሳም። ዛሬ ሃምሳ አራት ዓመት ሆኖኝ እንኳ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት የማንንም ደጃፍ አልረግጥም። የጠዋት ዳቦ የምትገዛልን ሚስቴ ሉዋ ናት።

እናቴ፣ ገበያው እማማ ሴን የሚላት፣ በዚህ ነገር ተቃራኒዬ ናት። እንደሷ እግረ ርጥብ በሰፈሩ አልታየም። ከበዓል በኋላ ሱቆች በሚከፈቱበት በስድስተኛው ቀን ባለሱቆች ደጇ ድረስ እየሄዱ ይለምኗት ነበር። እሷ ግን በቀን ከአንድ በላይ አትከፍትም፤ «ርጥበቱ ይሳሳል» ትላለች። እኔ ሱቁን ከእሷ ከተረከብኩ ጀምሮ ያቺ አንዷ መክፈቻ የእኔ ናት። በጠዋት ትመጣለች፣ ዱካው ላይ ትቀመጣለች፣ ሠላሳ ስድስት ቁጥር ነጠላ ጫማ አስለክታ ትገዛለች። የሰጠችኝን ብር ይዤ በተደረደረው ጫማ ሁሉ ላይ እያሳለፍኩ «ገበያ ና፣ ገበያ ና» እላለሁ። በሕይወቴ እናቴ ከዶአን አስቀድማ የሰጠችኝ ነገር ቢኖር ይህ ነው። ሌላ የለም።

ዶአን ከፋብሪካ ቢሮ ሥራው ከተቀነሰ አራት ዓመቱ ነው። የቤቱን ፊት ለፊት ክፍል አጽድቶ ጫማ በስልክ መሸጥ ሲጀምር ስቄበት ነበር። «ሰው ሳይለካ ጫማ ይገዛል?» አልኩት። ይገዛል። ዘንድሮ በአንድ ምሽት የሚሸጠውን እኔ በሁለት ወር አልሸጠውም። ባለፈው ዓመት ደግሞ እናቴ ጓዟን ይዛ እሱ ዘንድ ገባች። በደንቡ እናት የምትኖረው ከበኩር ልጇ ጋር ነው። «ያንተ ቤት ደረጃ ይበዛዋል፣ ጉልበቴ እምቢ አለኝ» አለችኝ። ደረጃው ስምንት ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

በበዓሉ በሦስተኛው ቀን ዶአን ቤት ምሳ ተጠራን። ለበዓሉ የቆመው የኮክ አበባ ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረው፤ የእኔ ቤት የገዛሁት ቅርንጫፍ ክንድ አይሞላም። ዶአን ዶሮውን እየቆራረጠ፣ ወሬ እንደሚያወራ ሰው፦

«በስድስተኛው ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የዓመቱን ላይቭ እንጀምራለን። እማዬ ትከፍትልናለች» አለ።

የምበላበትን እንጨት አስቀመጥኩ። «ስድስተኛው የእኔ ቀን ነው።»

«ጋሼ፣ ያንተ ሱቅ እኮ የታወቀ ነው። ከፋች ምን ያደርግለታል?»

«የታወቀ ስለሆነ አይደል ሰው ሁሉ እኔ ዘንድ እየተለካ ካንተ የሚገዛው? ‹መለካት በነፃ ነው› ተብሎ አይደል የሚላክልኝ?»

ዲየም ሳቋ መጣ። «ውይ ጋሼ ቢን! ላይቫችንን ታያለህ እንዴ?»

«ሰው ነግሮኝ ነው።»

ሉዋ ሩዝ ትን አላት። ሽንት ቤት ምን እንደምሠራ ታውቃለች ማለት ነው።

ዶአን እጁን ጠርጎ ወደ እኔ ተጠጋ። «እውነቱን ልንገርህ? ሱቁን ዝጋውና እኛ ዘንድ ና። ከሚመለስብን ጫማ ግማሹ ቁጥሩ ልክ ስላልሆነ ነው የሚመለሰው። አንተ እግር አይተህ ታውቃለህ። ስልኩ ፊት ቁጭ በል፤ እነሱ እግራቸውን በፎቶ ይልካሉ፣ አንተ ቁጥሩን ትናገራለህ። ሌላ ሥራ የለህም። ዱካህን ይዘህ ና።»

«ዱካዬን?»

«አዎ።»

«አንተ ወንበር ላይ፣ እኔ ዱካ ላይ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ወንበርም አለ!»

«ታላቅህን ልትቀጥር?»

«ማን ስለ መቀጠር አወራ? አብረን እንሥራ ነው ያልኩህ!»

እናቴ በእንጨቷ ሣህኑን መታ መታ አደረገች። «ዝም በሉ። በበዓል የተጣላ ዓመቱን ሙሉ ሲጣላ ይከርማል።»

«የማንን እንደምትከፍቺ ንገሪንና ዝም እንበል» አልኳት።

«ሃምሳ አራት ዓመትህ ነው አንተ ልጅ፤ እስካሁን ጡት ትሻማለህ? ስድስተኛው ቀን ይድረስ። እግሬ ወደ ወሰደኝ እሄዳለሁ።»

እግሯ ወዴት እንደሚወስዳት ገባኝ። የምትተኛው እዚያ፣ የምትበላው እዚያ፤ ታዲያ ወዴት ይወስዳታል?

በስድስተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ሱቄን ከፈትኩ። ያ ዱቄት የሚመስለው ካፊያ ይወርዳል፤ ወለሉ አልቦታል። በዚህ ወቅት ቆዳ በአንድ ሌሊት ይሻግታል፤ ጫማውን አንድ በአንድ በጨርቅ ወለወልኩ። ሠላሳ ስድስት ቁጥር ነጠላ ጫማ ከፊት አስቀመጥኩ፣ ዱካውን አጸዳሁ። አንድ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሆነ። እናቴ የለችም።

«ቢን!» አለች ኩዌ ከማዶ፣ ጃንጥላዎቿን እየሰቀለች። «እናትህ ዘገየች እኮ!»

«ትመጣለች።»

«እንዴት አድርጋ ትመጣለች? ስልክ ውስጥ ናት እኮ! ቀይ ከፋይ ቀሚስ ለብሳ ሙሽራ መስላለች። ና እይ!»

የእሷን ስልክ አላይም ብዬ የራሴን አወጣሁ። ሉዋ እጄን ያዘችኝ። «ተው ቢን። ዛሬ እንኳ ተወው።» አልተውኩትም።

እውነቷን ነው። እናቴ በሁለቱ መብራቶች መካከል ተቀምጣለች። ያን ቀይ ከፋይ ቀሚስ ለእኔ መክፈቻ አንድ ቀን እንኳ አልለበሰችውም። እጇ ላይ ስልክ አለ፤ ገልብጣ ይዛዋለች፤ ዲየም አቃናችላት። «የዓመቱ ከፋቻችን እናታችን ናቸው!» ትላለች ዲየም። «ልክ አንድ ሰዓት ሲሆን ይህቺን ነጭ ሸራ ጫማ እማማ መጀመሪያ ይገዟታል፤ ከዚያ የእናንተ ተራ ነው!» ከሁለት ሺህ በላይ ሰው ያያል። ስልኩ ላይ ልብና አበባ ይዘንባል። እናቴ አፏን በእጇ ሸፍና እንደ ልጃገረድ ትስቃለች።

ሠላሳ ዓመት እኔ ዱካ ላይ ስትቀመጥ እንዲህ ስቃ ታውቃለች? አታውቅም። «ቶሎ በል፣ ገበያው ይጠብቀኛል» ነበር የምትለኝ።

ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ደረቅ አላላችሁኝም? እንግዲያውስ ድርቀቴን እንካችሁ። ከእናቴ ጣት ቀድሜ እኔ አዝዛለሁ፤ ከዚያ እሰርዘዋለሁ። የዓመቱ የመጀመሪያ ገዢ ገብቶ ሳይገዛ ወጣ ማለት ነው፤ ያውም ደረቁ ቢን። ስልክ ውስጥ የምን ወረቀት ሊያቃጥሉ ነው?

ሰዓቱ አንድ ሲል እናቴ ጣቷን አንሥታ ቁልፉን ስትፈልግ እኔ ተጫንኩት። አራት ዓመት ሽንት ቤት ውስጥ ሳይ የት እንደሚጫኑ አጥንቼው ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ረሳሁ። ስልኩን ያስተካከለችልኝ በፋብሪካ የምትሠራው ልጄ ናት፤ ስሜን የጻፈችውም እሷ።

«የመጀመሪያው ገዢያችን…» አለች ዲየም፣ ዓይኗን አጥብባ እያነበበች፣ «ቢን ጫማ ቤት፣ ታችኛው ገበያ!»

ከዚያ ዶአን ከጎን ዘሎ መብራቱ ውስጥ ገባ። ሁለት እጁን አንሥቶ፣ «ጋሼ! ጋሼ ነው! ወንድሜ ነው የከፈተልኝ! ጋሼ ታየኛለህ? ትሰማኛለህ?» ይላል። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። አልቻልኩም። ድምፁን አጠፋሁት።

ድምፅ በሌለበት ሥዕል እናቴ ስልኳን አስቀመጠች። አልሳቀችም። ወደ ፊት ተጠግታ ቀጥ ብላ አየችኝ፤ ጣቷን ወደ እኔ ቀስራ መናገር ጀመረች። ያን ጣት ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ረጅም ተናገረች። «ይሄ ደረቅ፣ መክፈቻዬን ነጠቀኝ» እያለች እንደሆነ አልተጠራጠርኩም። ሁለት ሺህ ሰው ፊት ደግሞ ክብሪት እያቀበለች ነው።

«ሰርዝ» የሚለውን ነካሁ። ስልኩ «ምክንያትዎ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ከሰጠኝ ምርጫ «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ» የሚለውን ተጫንኩና ስልኩን ለሉዋ ወረወርኩላት።

ሃያ ደቂቃ አልሞላም። የኪራይ ሞተር ሱቄ በር ላይ ቆመ። እናቴ በቀይ ከፋይ ቀሚሷ፣ ሄልሜቷን እንዳደረገች፣ ካፊያ ፊቷ ላይ ተንጠባጥቦ ወረደች። ኩዌ ጃንጥላ ይዛ ሮጠች። ገበያው አንገቱን አሰገገ።

እናቴ ገባችና ዱካው ላይ ተቀመጠች። ሄልሜቱን አውልቃ ለሉዋ ሰጠቻት።

«ከፈትክለት» አለችኝ። «የእሱ ገበያ አንዴ ተከፍቷል፤ ታዲያ እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ? ወደ አንተ መጣሁ።»

ከፊት ያስቀመጥኩትን ሠላሳ ስድስት ቁጥር አነሣሁላት።

«የተናገርኩትን ሰማህ አይደል?»

«ምኑን?»

«አልሰማህም?» አለች ኩዌ፣ በሩ ላይ ቆማ። «እኔ ሰምቼ አለቀስኩ እኮ! ስሜን ሳይቀር ጠራች!»

እናቴ እግሯን ወደ እኔ ዘረጋች። «‹ይሄ የበኩር ልጄ ነው› አልኳቸው። ‹ደረቅ ያሰኘሁት እኔ ነኝ፤ ያኔ ለኩዌ ክብሪት አቀብዬበታለሁ። ከሳቁት ጋር ለመሳቅ ብዬ ነው እንጂ እግሩ ደርቆ አይደለም። እነሆ የወንድሙን ገበያ ከፈተ፤ ዓመቱን ሙሉ እዩት› አልኳቸው። ሠላሳ አምስት ዓመት ሆዴ ውስጥ ስትመላለስ የኖረች ነገር ናት። አንተ ፊት ለፊት አልወጣልህ አለችኝ፤ ስልኩ ፊት ወጣች። በል ለካኝ።»

ተንበረከክሁ። እግሯን ያዝኩ። ሠላሳ ስድስቱ አልገባ አላት።

«ጠበበኝ» አለች።

«አብጠሻል። ሠላሳ ሰባት ሆነሻል።»

«እርጅና ነው። አምጣው።»

ሠላሳ ሰባቱን አመጣሁ። ስልኩን ከሉዋ ተቀብዬ እንደገና ማዘዝ ነበረብኝ፤ ይህን የማስበው ዛሬ ነው። ያኔ ያሰብኩት ማንም ሳያውቅ ይለፍ ብቻ ነበር። እናቴ ሁለቱንም እግሯን አስገብታ ቆመች፣ ወለሉን ረገጥ ረገጥ አደረገች። «ተመቸኝ» ብላ ተመልሳ ተቀመጠችና አዲሱን ብር ከኪሷ አወጣች።

ስልኩ ጮኸ። ሉዋ ደንግጣ ነካችው፤ የዶአን ድምፅ ሱቁን ሞላው።

«ጋሼ፣ ትዕዛዝህ ተሰርዟል ይላል እኮ! ጣትህ ተሳስቶ ነው አይደል? ተሳስቼ ነው በለኝ በቃ። ሰዉ ሁሉ ‹ከፋቹ ጥሎ ሄደ› እያለ ይጽፋል፤ ዲየም እያለቀሰች ነው፤ ላይቩን ዘጋነው… ጋሼ?»

ሉዋ አጠፋችው። የጃንጥላው ውሃ ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማል።

«ሰረዝከው?» አለች እናቴ።

«ተሳስቼ ነው።»

«ጣትህ ነው የተሳሳተው?»

«አዎ፣ ጣቴ።»

«ያንተ ጣት» አለችኝ በቀስታ፣ «ሠላሳ አምስት ዓመት የሰው እግር ሲለካ አንድ ቀን ተሳስቶ አያውቅም።»

ብሩን ለአራት አጥፋ ወደ ኪሷ መለሰችው። ጎንበስ ብላ አዲሱን ጫማ አወለቀች፤ መጀመሪያ ግራውን፣ ቀጥሎ ቀኙን። አስተካክላ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። አሮጌውን አጥልቃ፣ ሄልሜቷን ከሉዋ ተቀብላ ወጣች። ሞተሩ እየጠበቃት ነበር። ወደ ኋላ አልዞረችም።

የዓመቱ የመጀመሪያ ሰው ገብታ፣ ለክታ፣ ሳትገዛ ወጣች። ያውም እግረ ርጥቧ እማማ ሴን።

ኩዌ አጠገቤ መጥታ ቆማለች። እጇን ስትዘረጋ ክብሪት ይዛለች።

«ምን ያፈዝዝሃል? አቃጥል እንጂ! ዓመቱ ሊደርቅብህ ነው። እንካ፤ ያኔ የተቀበልኩትን መመለሴ ነው።»

«እናቴ እኮ ናት» አልኳት።

«ያኔስ እናትህ አልነበረችም?»

ክብሪቱን አልተቀበልኳትም። በዚያ ቀን አምስት ሰው ገባ፤ አምስቱም ተለክተው፣ ፎቶ አንሥተው ወጡ። ማታ ሽንት ቤት ገብቼ ስልኩን ከፈትኩ። የዶአን ላይቭ የለም። በአራት ዓመት የመጀመሪያው ነው። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ደስታው ግን አንድ ስኒ ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ እንኳ አልቆየም። ስልኩ ጥቁር ሆኖ የራሴን ፊት አሳየኝ።

በሰባተኛው ቀን ከቤት አይወጣም፤ ለጉዞ ክፉ ቀን ነው። በስምንተኛው ጠዋት ሠላሳ ሰባቱን ነጠላ ጫማ በካርቶኑ አድርጌ፣ የዝናብ ልብስ ደርቤ በብስክሌት ዶአን ቤት ሄድኩ። ስደርስ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። የቤቱ በር ተከፍቷል። አልገባሁም። ከደጃፉ ውጭ፣ ካፊያው ላይ ቆምኩ።

ዶአን ቆሻሻ ሊጥል ወጥቶ አየኝ። አልሳቀም።

«ምን ትሠራለህ ዝናብ ላይ? ግባ።»

«ሦስት ሰዓት ይሙላ።»

«ምን?»

«ሳይሞላ ገብቼ ደግሞ ላድርቅብህ?»

ስድብ ጠበቅሁ። «አሁን ነው የታሰበህ?» አለኝና ተመልሶ ገባ። ጋሼ ሳይለኝ በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው። በሩን ግን አልዘጋብኝም። በመስኮቱ ዲየም ብቅ አለችና መጋረጃውን ጎትታ ጋረደች።

ቆምኩ። ከተከፈተው በር ውስጥ፣ መብራቶቹ በሚተከሉበት ክፍል፣ የጫማው ካርቶን ግድግዳውን ሞልቶ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። አላይም አልኩ፤ ዓይኔ ግን አላርፍ አለ። በየረድፉ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ነው።

እናቴ ግድግዳውን እየተደገፈች መጣች። ትንሽዬ ዱካ ይዛለች። ከደጃፉ ወዲያ፣ እሷ በውስጥ ሆና፣ ዱካዋን አስቀምጣ ተቀመጠች። እግሯን ደፉን አሻግራ ወደ እኔ፣ ወደ ዝናቡ ዘረጋችው።

«ይኸው። ለካኝ።»

«ለክቼሻለሁ እኮ። ሠላሳ ሰባት ነሽ።»

«እንደገና ለካኝ። ጣትህ ይሳሳታል አሉ።»

እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ተንበረከክሁ። ለካሁ። ሠላሳ ሰባት ናት። ጫማውን አደረግሁላት። ለአራት የታጠፈውን ብር ከኪሷ አውጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው።

«ይቅር ያልኩህ እንዳይመስልህ» አለችኝ። «ጫማ ቸግሮኝ ነው።»

«እሺ።»

«የወንድምህን ሚስት አስለቅሰሃል። እሱን ራስህ ነህ የምትጨርሰው። እኔ በዚህ አልገባም።»

«እሺ እማዬ።»

ብሩን የማሳልፍበት ጫማ አልነበረኝም። ከጎኔ ያለው ባዶው ካርቶን ብቻ ነው። እሱው ላይ አዞርኩት፤ «ገበያ ና» የሚለው ግን ከአፌ አልወጣም። ከወንድሜ ደጃፍ ላይ ሆኜ ገበያዬን ወዴት ና ልበለው?

ቀና ስል ዓይኔ ደግሞ ወደዚያው ግድግዳ ሄደ።

«ሦስት ሰዓት ሞልቷል» አለች እናቴ፣ ዱካዋን አንሥታ እየተነሣች። «ትገባለህ ወይስ እየቆጠርክ ትቆማለህ?»

ሰማንያ አራተኛው ካርቶን ላይ ደርሼ ነበር።